የአልቢና ተጠባባቂ

አይሊ ኮርፔላ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ኪቪላ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያች የብረት ማዕድን ከተማ ክረምቱ ሲገባ ሰው ሁሉ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ መኪናውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ ነው የሚያሳድረው፤ የረሳ ሰው ጠዋት የሚጠብቀው ሞተር ሳይሆን ድንጋይ ነው። አይሊ ረስታ አታውቅም።

ከአውቶቡሱ የተረፈ ጊዜዋን የወሰደው ፓርቲው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት። በምርጫ ሰሞን የዕጩዎቹን ሰሌዳ በየግቢው እየዞረች የምትተክል እሷ፣ ስብሰባ ሲያልቅ ወንበር የምታጥፍ እሷ፣ በምርጫው ዕለት እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን ሽማግሌዎች በራሷ መኪና እያመላለሰች ድምፅ የምታሰጥ እሷ። ለዚህ ሁሉ ድካሟ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትመኘው። የኅዳሩ ምርጫ ካለፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከግዛቲቱ የተመረጡ አሥር ሰዎች በዋናው ከተማ ይሰበሰቡና በሕዝቡ ስም የፕሬዚዳንቱን ስም በወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ወኪል መራጭ ይባላሉ። አይሊ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ከእነዚያ ከአሥሩ አንዷ መሆን ፈለገች።

በሚያዝያ የወረዳው ጉባኤ ሲጠራ ተራዋ የደረሰ መሰላት። ከእሷ ሌላ የቀረበችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ያቺም የገዛ ጓደኛዋ አልቢና ስቱኬል ናት። አልቢና የትምህርት ቤቱ የመዝሙር አስተማሪ ነበረች። ባሏ ሲሞት፣ ቤት ተዘግታ እንዳትቀር ብላ ወደ ፓርቲው ስብሰባ ጎትታ ያመጣቻት ራሷ አይሊ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ገና ስምንት ዓመት ነው።

አይሊ ተነሥታ ወረቀቷን ማንበብ ጀመረች። ቸኩላ ሁለት መስመር ዘለለች። «ከመረጣችሁኝ ሕዝቡ ያለውን እጽፋለሁ። የሰው ድምፅ ተሸክሞ ሄዶ ሌላ ስም የሚጽፍ፣ ለእኔ ሌባ ነው» ብላ ተቀመጠች። እዚህም እዚያም ተጨበጨበ።

አልቢና ወረቀት አልያዘችም። ዕድሜውን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ስለፈጀው አባቷ ተናገረች። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው፣ የዜግነት ወረቀቱን ባገኘ በሳምንቱ፣ ቀዩን አቧራ ከገላው ፈትጎ ታጥቦ፣ የሠርጉን ልብስ ለብሶ የመጀመሪያ ድምፁን ሊሰጥ እንዴት እንደሄደ። አዳራሹ ውስጥ አፍንጫውን ያልጠረገ ሰው አልነበረም። አይሊም አለቀሰች፤ እያለቀሰችም አንጀቷ ያርር ነበር። ድምፅ ሲቆጠር ስድሳ አንድ ለሃምሳ አራት ሆነ። አልቢና ወኪል መራጭ ሆነች፤ አይሊ የእሷ ተጠባባቂ።

«ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ባሏ ሬይኖ እራት ላይ። «አልቢና ከሞተች ትገቢያለሽ ማለት ነው?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«ጤናዋ እንዴት ነው ግን?»

«ሬይኖ!»

በኅዳር የፓርቲያቸው ዕጩ ግዛቲቱን በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። በመላው አገሪቱ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። በሰው ቁጥር ተቀናቃኙ በልጧል፤ በወኪሎች ቁጥር የእነሱ ሰው በሁለት ብቻ ይመራል። እንግዲህ ሁለት ወኪሎች ልባቸውን ቢለውጡ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ሰው ሊሆን ነው። ይህ በተሰማ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው መዝነብ ጀመረ።

የፖስታ ቤቱ ሰው በእጁ ማምጣት አቅቶት በፕላስቲክ ሣጥን ይዞ የአልቢናን በር ያንኳኳ ጀመር። አልቢና ብቻዋን አልችልም ብላ አይሊን ጠራቻት። ሁለቱ ከሰዓት በኋላ የአልቢና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ዋልነት የሚሉት ለውዝ የተጠቀለለበትን ዳቦ እየቆረሱ፣ በማዕድ ቤት ቢላ ፖስታ ሲከፍቱ ይውላሉ። የደቡብ ገበሬ ጽፏል፤ ጡረታ የወጣ ዳኛ ጽፏል፤ ወህኒ ቤት ያለ ሰው ሳይቀር ጽፏል። አንዳንዱ ይሳደባል። የሚበዛው ግን ይለምናል። «እርስዎ የዚህች አገር የመጨረሻ ተስፋ ነዎት» የሚል ደብዳቤ አይሊ ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረባት።

«ዳቦው ነው?» አለች አልቢና።

«አዎ፣ ዳቦው ነው።»

ለአይሊ በስሟ የመጣላት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ፖስታው ላይ ስሟን ስታይ ይዛው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ሆና ከፈተችው። «ክብርት ወይዘሮ ኮርፔላ፣ ከወይዘሮ ስቱኬል ጋር ቅርበት እንዳለዎት ስለሰማሁ ይህን ደብዳቤ እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል።

የቴሌቪዥን ሰዎችም መጡ። ካሜራ የያዘው ልጅ እግር አልቢናን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠና አይሊን ቀና ብሎ አያት። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሉልኛል? ጥላዎ ፊታቸው ላይ እያረፈ ነው።» አይሊ ወደ ጎን አለች። አሁንም ጥላዋ አልለቀቀም መሰለኝ፣ በመጨረሻ ማዕድ ቤት ገብታ ሳህን እያጠበች የጓደኛዋን ድምፅ በግድግዳ አዳመጠች። «ገና አልወሰንኩም» ትላለች አልቢና፣ በዚያ ልስልስ ድምፅ። «የተላክነው እንድናስብ ካልሆነ ለምን ሰው ተላከ? ወረቀቱን በፖስታ ይልኩት ነበር።»

አይሊ ሳህኑን እስኪንጫጫ አሸችው። ለእሷ ይህ አከራካሪ አልነበረም። በምርጫው ዕለት የዘጠና አንድ ዓመቱን ሚስተር ላምፒን ከነኦክስጅን ጠርሙሳቸው ደግፋ ወደ ምርጫ ጣቢያው ያስገባቻቸው እሷ ናት። ሽማግሌው የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አንዲት ክብ ለማጥቆር ሩብ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። እንግዲህ አልቢና ያንን በአንድ ብዕር ልትሰርዘው ነው? ለዚያውም በቴሌቪዥን እያማረባት?

በታኅሣሥ መጀመሪያ ከግዛቲቱ ምርጫ ቢሮ ለወኪሎቹም ለተጠባባቂዎቹም እኩል ማሳሰቢያ ደረሰ። አይሊ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ ሦስተኛውን አንቀጽ ስትደርስ ቆመች፤ መልሳ አነበበችው። ወኪሉ የፓርቲውን ዕጩ ለመጻፍ ከገባው ቃል ውጭ ሌላ ስም ጽፎ ካቀረበ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ ወንበሩን እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ተጠባባቂው ወዲያው ይጠራል።

«ምንድን ነው እሱ? ሎተሪ ወጣልሽ?» አለ ሬይኖ።

«ምንም አይደለም» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ አውጥታ ደግማ አየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሊ አንድ ክፉ ነገር መመኘት ጀመረች፤ ክፉነቱንም ታውቃለች። አልቢና ቃሏን እንድታጥፍ ተመኘች። ሌባ ብላ የሰደበችው ሥራ በጓደኛዋ እጅ እንዲፈጸም ተመኘች። ስትጸልይ እንኳ እዚያ ነገር ላይ ስትደርስ ዘልላው ታልፋለች፤ እግዜር እንዳይሰማ ይሁን እንዲሰማ ራሷም አታውቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልቢና እንደ ልማዷ ወደ አይሊ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ወደ ሳውናዋ፣ መጣች። ሁለቱ አሮጊቶች ፎጣ ደረብ አድርገው የእንጨቱ መደብ ላይ ተቀመጡ። አይሊ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ አፈሰሰች፤ እንፋሎቱ ፉጨት አሰምቶ ተነሣ።

«አይሊ» አለች አልቢና።

«ወይ።»

«ምን ላድርግ? ሰኞ ነው እኮ። እንቅልፍ አጣሁ።»

አይሊ ሌላ ጭልፋ ውኃ ድንጋዩ ላይ ጨመረች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ‹ቃልሽን ጠብቂ፣ አለቀ› የሚል። አልቢና አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች አይሊ።

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል? ከማንም በፊት እዚህ ነገር ውስጥ የነበርሽ አንቺ ነሽ።»

ይህችን ቃል በሚያዝያ ብትሰማት ኖሮ ታቅፋት ነበር። አሁን ግን ያ ሦስተኛው አንቀጽ ትዝ አላት። «እንግዲያውስ ስሚኝ» አለች፤ ድምፅዋ ራሷን እስኪገርማት ረጋ ብሏል። «የአገሩ ሕዝብ የሚበዛው የመረጠው ያኛውን ነው። ያ ሁሉ ሰው የጻፈልሽ በከንቱ አይደለም። አስቢ ብለው ነው የላኩሽ። ልብሽ ያለሽን አድርጊ።»

የአልቢናን ደብዳቤዎች እያነበበች የሰበሰበቻቸው ቃላት ነበሩ፤ አንዱም የራሷ አልነበረም።

አልቢና ቀና ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። «እንዲህ ትያለሽ?»

«እንዲህ እላለሁ።»

«እሺ» አለች አልቢና።

እሑድ አይሊ ሰማያዊ ልብሷን ስትተኩስ ሬይኖ በር ላይ ቆሞ አያት። «ከተመልካች ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው ይኼ ሁሉ ካውያ?»

«ሰው ፊት ነው የምቀመጠው።»

«የልጅሽ ሠርግ ላይ እንኳ ኮሌታሽን አልተኮስሽም።»

«ሂድና መኪናዋን ሰካልኝ።»

ሰኞ ጠዋት አልቢናን ይዛ የነዳችው አይሊ ናት፤ አልቢና በበረዶ መንዳት ትፈራለች። ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ። አልቢና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ ነጩን ሜዳ እያየች ሄደች። ሁለት ጊዜ ያህል አይሊ አፏን ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መንገዱ ተናግራ ዘጋችው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አሥሩ ወኪሎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ተጠባባቂዎቹ ከኋላ በሁለተኛው ረድፍ። ልክ እኩለ ቀን ላይ ወረቀት ታደለ። አይሊ የአልቢናን ጀርባ ብቻ ነው የምታየው። ብዕሩ ሲንቀሳቀስ ትከሻዋ ትንሽ ነቃነቅ አለ፤ ከአጻጻፉ ርዝመት የማንን ስም እንደጻፈች ለማወቅ አይሊ ትንፋሽዋን ይዛ ተመለከተች።

የምርጫ ኃላፊው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያዩ ሲያልፉ ስድስተኛው ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ ስቱኬል፣ ይህ ስም ከገቡት ቃል ጋር አይስማማም።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ልቀበለው አልችልም። ወንበሩን እንደለቀቁ ይቆጠራል።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች አልቢና፤ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። አዳራሹ ተንጫጫ። የሚያጨበጭብ ነበር፤ የሚያፏጭ ነበር፤ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ተጠባባቂዋ አይሌ ኮፔላ ይቅረቡ» አሉ ኃላፊው።

አይሊ ስሟ መበላሸቱን እንኳ ልብ አላለችም። ሄዳ ተቀመጠች። ወንበሩ የአልቢናን ሙቀት ገና አልለቀቀም። ቃለ መሐላ ፈጸመች፤ ብዕር ተሰጣት፤ ሚስተር ላምፒ የመረጡትን ሰው ስም አንድ ፊደል ሳትሳሳት ጻፈች። ከዚያ የውጤቱ ሰነድ ስድስት ቅጂዎች ላይ ፈረመች። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር ይኸው ተፈጸመ፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። የመጨረሻውን ፊርማ አኑራ ቀና ስትል ካሜራዎቹን ፈለገች። አንድም የለም። ሁሉም አልቢናን ተከትለው ወጥተዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከኮሪደሩ የመብራቱ ብልጭታ ይታያል።

«አሥር ለባዶ» ሲሉ ኃላፊው አስታወቁ። አልቢና ቃሏን ብትጠብቅ ኖሮ የሚሆነውም እሱ ነበር። ከሌላ ግዛትም ቃሉን ያጠፈ ወኪል አልተገኘም።

ሲመለሱ መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ገቡ። የብሉቤሪ ኬክ አዝዘው እንደተቀመጡ፣ የአደን ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን አየ፤ አልቢናን አየ፤ መልሶ ቴሌቪዥኑን አየ። ተነሥቶ መጣ።

«አንቺ ነሻ! ከሃዲ!»

የአልቢና ሹካ አየር ላይ ቀረ። አይሊ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሰውዬው ያለው በሙሉ እሷ የምታምንበት ነበር፤ ቢሆንም ደም ሥሯ ተገተረ። «አንተ፣ ኮፍያህን አውልቅና ተናገር! አስተማሪ ናት። ወደ ቦታህ ሂድ!» አርባ ሕፃን በአንድ ጊዜ ጸጥ የምታሰኝበትን ድምፅ ነው ያወጣችው። ሰውዬው አጉተምትሞ ሄደ። አይሊ ስትቀመጥ ግን፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ቆጠቆጠቻት፤ ሰውዬው እሷን ማን እንደሆነች አለማወቁ።

መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ አይሊ ሞተሩን አላስነሣችም።

«አልቢና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቅዳሜ ያልኩሽን አላምንበትም። አንድም ቀን አምኜበት አላውቅም። ወንበሩን ስለፈለግሁ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አልቢና።

«ምን?»

«በሚያዝያ ሌባ ነው ብለሽ አልነበር? በስምንት ወር እንዲህ ተለውጠሽ? አውቄብሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አደረግሽው?»

«እኔ አምኜበት ነው ያደረግሁት፤ አንቺ ስላልሽኝ እንዳይመስልሽ። አባቴ ድምፁ እንደ ማንም ሰው ድምፅ እኩል ይቆጠራል ተብሎ ነው ያን ቀን ልብሱን የለበሰው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው ተሸናፊ ሲባል ዝም ማለት አቃተኝ።» መስታወቱ ላይ በትንፋሽዋ የተፈጠረውን ጉም በእጅጌዋ ጠረገች። «ግን አንቺ ጋ የመጣሁት እንድትጣዪኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ይለማመጠኛል፤ ይፈራኛል። አንድ ሰው ‹ተይ!› ብሎ እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። ያኔ ክርክሬን እስከ መጨረሻው እፈትነውና ምናልባትም እተወው ነበር። አንቺ ግን ማር አቀረብሽልኝ።»

አይሊ ሞተሩን አስነሥታ እስከ ኪቪላ ድረስ ነዳች፤ አልቢናን በሯ ላይ አወረደቻት፤ ደህና እደሪ አልተባባሉም።

በጥር የወረዳው ፓርቲ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ኦርቪል አልቢና ከማናቸውም ውክልና እንድትታገድ ሐሳብ አቀረበ፤ አክሎም አይሊን ለምክትል ሊቀመንበርነት አቀርባለሁ አለ። «በችግር ጊዜ የደረሰችልን እሷ ናት» ሲል ተጨበጨበ፤ በሕይወቷ ትልቁ ጭብጨባ ነበር። አልቢና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።

አይሊ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለገችም፤ ይህንንም ኋላ ለሬይኖ አልደበቀችውም። ከዚያ ተነሣች።

«አልቢና አጥፍታለች። አሁንም የማምነው ይህንን ነው። ግን ከመሄዷ በፊት መጥታ ጠይቃኛለች፤ እኔ ደግሞ ልብሽ ያለሽን አድርጊ ብያታለሁ። ወንበሯን ፈልጌ። የምታግዱ ከሆነ ሁለታችንንም አግዱ።»

ኦርቪል ወረቀቱን አገላበጠ። «አይሊ፣ ይህንን መናገር አልነበረብሽም።»

«ያን ቅዳሜ ለእሷ ነበር መናገር የነበረብኝ።»

አልቢና ለአራት ዓመት ታገደች። አይሊን ማንም አላገዳትም፤ ስለ ምክትልነቱም ዳግመኛ ያነሣ አልነበረም። ወንበር ሲታጠፍ ማንም አጠገቧ አልቆመም።

በየካቲት አጋማሽ ስልኳ ጮኸ። አልቢና ናት፤ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

«አንድ ኮሌጅ ስለ ወኪል መራጮች ተናገሪልን ብሎ ጠርቶኛል። መንገዱ በረዶ ነው። ታደርሺኛለሽ?»

አይሊ የስልኩን እጀታ አጥብቃ ያዘች።

«አደርስሻለሁ። ግን አልገባም።»

«ለምን?»

«ሲያጨበጭቡልሽ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ቀንቼብሻለሁ አልቢና። ከሚያዝያ ጀምሮ እንደቀናሁ ነኝ። እውነቱ ይኸው ነው።»

በወዲያ በኩል አልቢና ሳቀች፤ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«እንግዲያው መኪና ውስጥ ጠብቂኛ፣ አንቺ ምቀኛ!»

እንዲሁ አደረጉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አይሊ በኮሌጁ ደጃፍ ማሞቂያውን ከፍታ፣ ሬይኖ የጠቀለለላትን ሳንድዊች እየበላች አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ከአዳራሹ የጭብጨባ ድምፅ ሁለት ጊዜ ወጣ። በመጀመሪያው ሬዲዮኑን ጮክ አደረገችው። በሁለተኛው ሬዲዮኑን ዘግታ አዳመጠች፤ ረጅም ነበር።